ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላስ?

ዛሬ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ፍቅር ወይም ስለ ካፌያችን ሽሮ አልጽፍም። እነሱ በዚህ መጽሔት ላይ ሌሎች ጸሐፊዎች አሏቸው። እኔ የምጽፈው ስለ ሞተር ዘይት ነው። “የጋዜጠኝነት ተማሪንና የሞተር ዘይትን ምን አገናኛቸው?” እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ኮርስ ላይ እያንዳንዳችን ከየአካባቢያችን አንድ ዜና ጽፈን እንድናመጣ ታዘን ነበር። እኔ ለአርሶ አደሮች የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ስለተሰጡበት አንድ ሥነ ሥርዓት ጻፍኩ። ማን ሰጠ፣ ምን ሰጠ፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት፤ ሁሉም ተሟልቷል። ሪባን ተቆርጧል፣ ተጨብጭቧል፣ አንድ አርሶ አደርም “በጣም ደስ ብሎኛል” ብለዋል። ጥሩ ማርክ አገኘሁበት። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩና ፈተና ተፈትኜ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቼ፣ ወደ ሐይቅ ሄድኩ።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ሲኬድ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ከተንጣለለው ሐይቅ ነው። አጎቴ ከሐይቁ ዳር ግማሽ ጥማድ የምትሆን መሬት አላቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ሲያልፍ ከብዙ ሰው ቤት ብዙ ነገር ጠፍቷል። አጎቴም ከዚያ በኋላ ነው ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር አዋጥተው አንዲት ባለ 3 ኢንች የውሃ ሞተር የገዙት። እሷን ማንም አልሰጣቸውም፣ ሪባንም አልተቆረጠላትም። የእሳቸው ድርሻ የተከፈለው በበሬ ነው፤ አንዱን በሬያቸውን ሸጠው።

ስደርስ ቀይ ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ጀምሯል። ሽንኩርት ያመረተ ሰው እንደሚያውቀው ውሃ የሚለምነው በዚህ ጊዜ ነው። ሞተሯ ግን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ማስነሻ ገመዱን ብስበው ንቅንቅ አይልም።

“ምን ሆና ነው ጋሼ?”

“ነክሳለች አሉን። እኛም ነክሰናል” አሉ አጎቴ፣ ሳቅ በሌለበት ቀልድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሯ ከተነሣች በኋላ ደቂቃ ሳትሞላ የመጥፋት አመል አምጥታ ነበር። በገበያ ቀን ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰዷት። ሰውዬው ገለጥለጥ አድርጎ አያትና አንዲት ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ቆረጠ። ገመዱን ሳበ። ተነሣች፤ አልጠፋችም! ሁሉም መርቀውት፣ ከፍለውት፣ ሞተራቸውን ተሸክመው ተመለሱ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀትር ላይ ከሆዷ ውስጥ አንድ ኃይለኛ ድምፅ ወጣና ቀጥ አለች።

በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ ቤት ድረስ መጥተው ፈቷት። የዘይቱን መክደኛ ከሥር ሲከፍቱት የወጣው ጥቁርና ዝልግልግ ነገር ሁለት የቡና ሲኒ አይሞላም። ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያያይዘው ክንድ ተሰብሯል። ከዚያ የተቆረጠችውን ሽቦ በጣታቸው ያዝ አድርገው አሳዩን።

“ይቺ እኮ ጠባቂ ናት” አሉ። “ዘይት ሲጎድል እሳቱን ቆርጣ ሞተሩን የምታጠፋው እሷ ናት። ሞተራችሁ ስትጠፋባችሁ የነበረው ‘ዘይት አለቀብኝ’ እያለቻችሁ ነው።”

“ለመሆኑ ከተገዛች ጀምሮ ዘይት ተቀይሮላት ያውቃል?” ብለው ጠየቁ። አጎቴና ጎረቤቶቻቸው ተያዩ። አንደኛው ዝግ ባለ ድምፅ “ዘይቱን ስትገዛም እኮ ይዛው ነው የመጣች” አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሞተሯ የተገዛች ሰሞን አጎቴ በፕላስቲክ የታሸገች ቀጭን መጽሐፍ አምጥተው “አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ ምን ትላለች?” ብለውኝ ነበር። መጽሐፏ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ናት። እኔ በወቅቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበርኩ። ሁለት ገጽ ገለጥኩና “ያው ስለ አጠቃቀሟ ነው” ብዬ መለስኩላቸው። ከቤተሰቡ ውስጥ ያንን ሠንጠረዥ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አላነበብኩትም። ጠጋኙ ሽቦ ቆርጧል፤ እውነት ነው። ግን ከእሱ ሦስት ዓመት በፊት መልእክቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት የሽንኩርቱ ግማሽ ሜዳ ላይ ቀረ። የተረፈውም እንደ ነጭ ሽንኩርት አነስ አነስ ያለ ስለነበር ነጋዴው በወረደ ዋጋ ነው የወሰደው።

ያን ሰሞን መጽሐፏን ከሳጥን አስወጥቼ አነበብኳት። መካኒኩንም ቁጭ ብዬ ጠየቅኋቸው። አጎቴ “አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?” ይሉኛል። መካኒክ አልሆንኩም። የተረዳሁት ግን እዚህ ሊጻፍ የሚገባው ይመስለኛል፤ ከመካከላችን የገበሬ ልጅ ያልሆነ ጥቂት ነው።

በየሐይቁና በየወንዙ ዳር የምናያቸው ባለ ቤንዚን ፓምፖች ብዙዎቹ ሞተራቸው የሆንዳው ጂኤክስ ወይም በእሱ አምሳል የተሠራ ነው። ሆንዳ ጂኤክስ የሚባሉትን ሞተሮች ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በጂኤክስ 160 ልክ የተሠራ ሞተር የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ እንደ መኪና የዘይት ፊልትሮ የለውም። ዘይቱ ውስጡ እየተረጨ ነው ብረቶቹን የሚያለሰልሰው፤ ቆሻሻው የሚሄድበት ስለሌለ እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይላል፦ አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ወይም በመጀመሪያው ወር ዘይቱ ይቀየራል። አዲስ ብረትና ብረት እስኪላመዱ ሲፋጩ ብናኝ ስለሚያወጡ ነው። ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይቀየራል።

እስቲ ይህንን ወደ እኛ አኗኗር እንመልሰው። በቀን 5 ሰዓት የሚያጠጣ ገበሬ 20 ሰዓት የሚሞላው በአራተኛው ቀን ነው። 100 ሰዓት የሚሞላው በሃያኛው ቀን ነው። የአጎቴ ሞተር ሁለት በጋ ሙሉ ሠርታ ሦስተኛው ላይ ነው የሞተችው፤ አንድም ጊዜ ሳይቀየርላት! እንዲያውም ቻይነቷ ይገርማል። ዘይቱን በየቀኑ ማየት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ደልዳላ ቦታ አስቀምጦ፣ መለኪያውን አውጥቶ ማየት ነው። ሲቀየር ገና ሞቅ እንዳለ ቢሆን ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል።

የወጣው ዘይት የት ይሂድ? ይህ ለእኛ ለሐይቅ ሰዎች ትልቅ ጥያቄ ነው። ሐይቃችን ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዳሩ ላይ የደፋነው ዘይት ጠርጎ የሚወስደው የለም፤ ከዓሣውና ከምንጠጣው ውሃ ጋር እዚያው ይኖራል። በአሮጌ ጀሪካን አጠራቅሞ ለመካኒክ መስጠት ይሻላል።

ሁለተኛው የአየር ፊልትሮ ነው። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ይታያል፣ በየ50 ሰዓቱ ይጸዳል፤ አቧራ የበዛበት ቦታ ከዚያም ቶሎ። ስፖንጁ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ከዚያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ነካ ተደርጎ ይጨመቃል። የወረቀቱ ዓይነት አይታጠብም፤ መታ መታ ተደርጎ ይራገፋል። “አየር አነሣት” ብለው ፊልትሮውን አውጥተው የሚጥሉ አሉ። አፈር ገብቶ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ግን ውስጡን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው።

ሦስተኛው ካንዴላ ነው። በየ100 ሰዓቱ ወጥቶ ይታያል። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መካኒኩ እንዳሉኝ ካንዴላ እንደ ምላስ ነው፤ ሐኪም ምላስ አይቶ በሽታ እንደሚያውቅ እሳቸውም ካንዴላ አይተው ያውቃሉ። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ጥላሸት ከለበሰ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ ፊልትሮው ታፍኗል። ነጣ ካለ ደግሞ ከሚገባው በላይ እየጋለ ነው።

አራተኛው ማስተካከል ነው፤ ወይም በእኛ አገር ቃል ልበለውና፣ ቅኝት። አምባሰል የአንዱ ቅኝታችን ስም ነው። መሰንቆ የሚመታ ሰው ሳይቃኝ አይጀምርም፣ ሞቅታውና ብርዱም ክሩን ስለሚለውጠው መሐል ላይ ቆሞ ደግሞ ይቃኛል። ሞተርም እንደ ቦታው ይቃኛል። ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። የሐይቅ ዳርቻ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጅ በከንቱ ይነዳል። መድኃኒቱ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውንና መካኒኮች ጂግለር የሚሉትን ቤንዚን ማሳለፊያ በጠበበ መቀየር ነው። ይህም ተደርጎ ግን በየ300 ሜትሩ ከፍታ የሞተሩ ጉልበት በ3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አስሉት፤ ሐይቅ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው። ገበሬው ይህን የሚነግረው ስለሌለ “ሰነፈች” ብሎ ፍጥነት መወሰኛውን ብሎን እያጠበቀ ያስጮኻታል። ሞተሯ ያን ጊዜ ጉልበት አትጨምርም፤ ዕድሜዋን ነው የምትቀንሰው።

የመምጠጡም ነገር እንዲሁ ነው። ውሃው ወደ ቱቦው የሚወጣው የአየሩ ግፊት ስለሚገፋው ነው። አየሩ ስስ በሆነበት አገር ፓምፑ መጽሐፉ የሚለውን ያህል ጥልቀት አይስብም። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ሞተሩን ወደ ውሃው ማስጠጋት ይገባል፤ ደልዳላ መሬት ላይ። ከመነሣቱ በፊት የፓምፑ ሆድ በውሃ ይሞላል፤ ደረቁን ከዞረ ውሃውን የሚይዘው ማሸጊያ ይቃጠላል። የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ወንፊትም ከጭቃና ከሣር ይጠበቅ። ሁለት ነገር ደግሞ ለነፍስ፦ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አይቀዳም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥም ሞተር አይነሣም። ጭሱ ሳይሸት የሚገድል ጋዝ አለበት።

የመጨረሻው ክረምት ነው። ዝናቡ ሲገባ ሞተሯ ቤንዚኗን በሆዷ እንደያዘች ጥግ ትጣላለች። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ይበላሻል፤ ሙጫ መሳይ ነገር ሆኖ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ለዚያም ነው ጥቅምት ኅዳር ላይ ገመድ ሲስብ ትከሻው የሚወልቀው ገበሬ የበዛው። በረዶ በሚወርድባቸው እንደ ካናዳና አሜሪካ ባሉ አገሮች ያሉ ዘመዶቻችን ይህንን በደንብ ያውቁታል። እዚያ በዚሁ ዓይነት ትንንሽ የቤንዚን ሞተር የሚሠራ፣ ከደጃፍ በረዶ እየዛቀ የሚወረውር ማሽን አለ። የእነሱ ማሽን የሚያርፈው በበጋ ነው፣ የእኛ በክረምት፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ከማስቀመጥ በፊት ቤንዚኑ ይቀዳል፣ ዘይቱ ይቀየራል፣ ማሽኑ ይጸዳል፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። እዚያ ይህን የማያደርግ ሰው ጠዋት በረዶው በሩን ዘግቶበት ይነሣል። እዚህ የማያደርግ ሰው ሽንኩርቱ ይደርቅበታል።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። ይህን ጉዳይ ዶርም ውስጥ ሳነሣው የመጀመሪያው መልስ “ገበሬው ግዴለሽ ስለሆነ ነው፣ ንብረት መጠበቅ ባህላችን አይደለም” የሚል ነበር። ይህን አባባል አልቀበልም። አጎቴ ማረሻቸው ሲደንዝ በጊዜው አንጥረኛ ቤት ይወስዳሉ። ቀንበሩን፣ ሞፈሩን፣ ጠፍሩን ከእርሻ በፊት አንድ በአንድ ያያሉ። ከቤታችን ማዶ ባለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ተጠብቆ ለእኛ ዘመን ደርሷል። ገዳሙ የወንድ ስለሆነ እኔ ገብቼ አላየሁትም፤ ብራና ግን ምስጥ፣ እርጥበትና እሳት እንደሚያጠፋው አውቃለሁ። ትውልድ እየተቀባበለ የሚጠብቀው ባይኖር አይደርስም ነበር። ታዲያ መጠበቅ ባህላችን አይደለም የሚለው ከየት መጣ? ገበሬው ማረሻውን የሚጠብቀው አባቱ ስላሳየው ነው። ሞተሩን ግን ማንም አላሳየውም።

ማስረጃ ላምጣ። የእናቴ ዘመዶች አምባሰል፣ ውጫሌ አካባቢ ናቸው። በዚያው እረፍት ለልቅሶ ሄደን ሳለ ከአጎቴ ሞተር ጋር አንድ ዓይነት የሆነች፣ በዕድሜ ግን የምትበልጣትን ሞተር እያሠሩ ያሉ አንድ አባወራ አገኘሁ። ጭሷ አይታይም፣ በመጀመሪያው ጉተታ ትነሣለች። ምስጢሩን ብጠይቃቸው ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለ ገመድ አሳዩኝ። ሞተሯ በሠራች ቀን ማታ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። ሃያ ቋጠሮ ሲሞላ ዘይት ይቀይሩና ገመዱን ፈተው እንደገና ይጀምራሉ። “ማን አስተማረዎት?” አልኳቸው። ልጃቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ እሱ ነው የነገራቸው። አያችሁ? ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ በገባቸው ቋንቋ ነገራቸው፣ በቃ።

ቋንቋ ካልኩ አይቀር፣ ያገኘኋቸው ውጫሌ ላይ መሆኑ አንድ ነገር አስታውሶኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመውን ውል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የአንቀጽ 17 አማርኛው ለኢትዮጵያ ፈቃድ የሰጠውን ነገር ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ የመጨረሻው መልስ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተሰጠ። ወረቀት ሰው በማይገባው ቋንቋ ሲጻፍ ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ አካባቢ ሰው የበለጠ ማን ያውቃል? የሞተሯን መጽሐፍ ከዚያ ውል ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም። ግን አንድ ገበሬ በሬ ሸጦ የገዛው ንብረት መመሪያው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ብቻ ከሆነ፣ ያ ገበሬ የገዛው ግማሹን ነው። ሻጩም ሆነ አስመጪው አንድ ገጽ አማርኛ ማያያዝ ያን ያህል የሚከብደው አይመስለኝም።

ሌላው የሰማሁት መልስ “የቤንዚን ዘመን እያለፈ ነው፤ አሁን በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ መጥቷል” የሚል ነው። መምጣቱ ደስ ይለኛል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ በደረጃ ሲነሣ የቤንዚን ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም አይተናል፤ ወረፋውንም እንዲሁ። ነገር ግን የፀሐይ ሰሌዳም አቧራው ይጠረጋል፣ ወንፊቱ ይጸዳል፣ ሽቦው ይታያል፣ ሲበላሽ መለዋወጫና ባለሙያ ይፈልጋል። ያለ ጠባቂ የመስጠት ልማዳችንን ይዘን ከሄድን ቤንዚኑ ይለወጥ እንጂ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ማሽን አይለወጥም። በዚያ ላይ ቤንዚን ሲወደድ የጠቆረ ካንዴላና የታፈነ ፊልትሮ ዋጋው አብሮ ይወደዳል። የሚጨሰው እኮ ብር ነው።

እና ጋዜጠኝነት የት ገባ? እዚህ ጋ። ያቺን ጥሩ ማርክ ያገኘሁባትን ዜና ከእረፍት ስመለስ አውጥቼ ደግሜ አነበብኳት። ስህተት የለባትም። የተሰጡት ሞተሮች ቁጥር ትክክል ነው፣ የሰጪው ስም ትክክል ነው። ግን እነዚያ ሞተሮች በ20ኛው ሰዓት ማን ዘይት እንደሚቀይርላቸው፣ ካንዴላ የት እንደሚሸጥ፣ መመሪያቸው በምን ቋንቋ እንደሆነ አንዲት መስመር የለባትም። አልጠየቅኩም። መጠየቅ እንዳለብኝም አልመሰለኝም። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት የርክክብ ዜና ሁሉ እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ በጭብጨባ። የበጋ ስንዴ ሲዘራ የሞተር ዜና ይበዛል። ከዓመት በኋላ ከእነዚያ ሞተሮች ስንቱ እንደሚነሣ ግን የሚመለስ ጠያቂ ብዙም አይታይም።

ጋዜጠኛ እንደዚያች ቀጭን ሽቦ ይመስለኛል። ሽቦዋ ዘይት አትጨምርም፣ ሞተርም አትጠግንም። ሥራዋ ዘይቱ ሲጎድል መናገር ነው። ስትናገር ደግሞ ሥራ ታስቆማለች፣ ትጎረብጣለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍላጎት እሷን መቁረጥ ነው፤ ከተቆረጠችም በኋላ ለጥቂት ቀን ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። አጎቴና ጎረቤቶቻቸው ለአሥር ቀን ደስተኞች ነበሩ። ነገር ግን በሐቅ እንነጋገር፤ ብዙ ጊዜ እኛን የሚቆርጠን የለም። ራሳችን ነን ከመጠየቅ በፊት ዝም የምንለው። እኔን “ይህን አትጠይቂ” ያለኝ ማንም አልነበረም።

ስለዚህ ለክፍል ጓደኞቼና፣ በትሕትና፣ ለመምህራኖቻችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በተግባር ልምምዳችን የርክክብ ወይም የምረቃ ዜና የሚጽፍ ተማሪ ከስድስቱ ጥያቄዎች በተጨማሪ “ማን ይጠብቀዋል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? መመሪያው ተጠቃሚው በሚያነበው ቋንቋ ነው ወይ?” ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ካጣም መልስ እንዳላገኘ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ማርክ የሚሰጠው ለመጀመሪያው ዜና ብቻ አይሁን። ተማሪው ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ቦታ ተመልሶ ያየውን ቢጽፍና ያ ቢታረምለት እመኛለሁ። ሦስተኛ፣ ይህ መጽሔታችን በየእትሙ አንድ ገጽ ስለ ጥገና ይስጥ። የእጅ ፓምፕ፣ የወፍጮ፣ የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር፣ የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ፤ የሚጻፍበት አይጠፋም። አርታኢዎቻችን “ይህ ይደብራል፣ ማን ያነበዋል?” እንደሚሉ እገምታለሁ። ሽንኩርቱ የደረቀበት ሰው ያነበዋል። ካልቻለም ልጁ ታነብለታለች።

አጎቴ በዚህ ዓመት ከአንደኛው ጎረቤታቸው ጋር አሮጌ ሞተር በዱቤ ገዝተዋል። ሌላኛው ጎረቤት ለሁለተኛ ጊዜ የሚያዋጡት አልነበራቸውም፤ መሬታቸውን የእኩል ሰጥተዋል። እኔ በአንድ ካርቶን ላይ ስድስት መስመር በትልልቅ የአማርኛ ፊደል ጽፌ ሞተሯ በምታድርበት ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። አጎቴ ማንበብ ስለማይወዱ ከካርቶኑ ሥር ገመድ አንጠልጥያለሁ። ከዶርም ስደውልላቸው ከሰላምታው ቀጥሎ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው።

“ጋሼ፣ ቋጠሮው ስንት ደረሰ?”

ባለፈው ሳምንት “አሥራ ሰባት” አሉኝ። “ዘይቱንም ገዝቻለሁ፤ አይዞሽ፣ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ።”

እሱንም እየተማርኩ ነው። ቸር ይግጠመን።